ወደ ጋዮች ግቢ የተላከው አውራ ዶሮ

ሱይፈን አንድ አመል ነበራት፤ ደረቅ ተረት አያስችላትም። ሰው «በድሮ ጊዜ» ብሎ ሲጀምር እሷ ውስጥ ውስጡን ቤት ማስመታት ትጀምራለች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ደሹን የሚባለውን ዝምተኛ ሰው አግብታ ወደ ሉዋኖች መንደር ስትመጣ፣ አማቷ የብርዱን ወራት ሙሉ የሞቀው የጡብ መደብ ላይ ቁጭ ብላ ኦቾሎኒ እየፈለፈለች የአገሩን ተረት ትነግራት ነበር። አማትየው ስትተርክ ፈገግ እንኳ አትልም፤ የዘመድ ቀብር የምታወራ ነው የምትመስለው። ሱይፈን በማግስቱ ያንኑ ተረት ወንዝ ዳር ልብስ ለሚያጥቡት ሴቶች በግጥም ስታወርደው ግን ሴቶቹ ሆዳቸውን ይዘው ሲንፈራፈሩ ሳሙናቸው በወንዝ ይሄድባቸዋል።

ከዚያ ነሐሱ መጣ። አንድ ሽማግሌ የገበያ ተራኪ ጉልበቱ ሲከዳው ሁለት ጠፍጣፋ ነሐሶቹን ለእሷ ሰጣት። ግማሽ ጨረቃ የመሰሉ ናቸው፤ በግራ እጅ ጣቶች መካከል ገብተው ሲጋጩ እንደ በቅሎ ኮቴ ይረግጣሉ፣ ግጥሙም በዚያ ላይ ተቀምጦ ይጋልባል። ባለትዳር ሴት በየአምስት ቀኑ በሚቆመው ገበያ መሐል ተነሥታ ነሐስ ስታጋጭ መጀመሪያ ያልተባለችው የለም። «ዓይን አውጣ!» አሏት፤ «ባሏ ምን ዓይነት ሰው ነው?» አሉ። በሦስተኛው ገበያ እነዚያው ሰዎች በርጩማቸውን ይዘው መጥተው ፊት ፊቱን ያዙ። ጥርሱን አሞት ዝናብ ማዝነም ስለረሳው የተራራ አምላክ ነገረቻቸው። ሰው ሆና ስላገባችው፣ ግን ዳቦ በእንፋሎት ማብሰል ስላቃታት እባብ ነገረቻቸው። ሰዉ ግን ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ የሚጮኸው ለአንድ ብቻ ነበር። «ዶሮዋን! ዶሮዋን በይልን!»

የዶሮዋ ነገር እንዲህ ነው። ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ሉዋን አንዱ ጋይ፣ ከረሃብ ሸሽተው በእግራቸው መጥተው ባይሻ ወንዝ ላይ ደረሱ። በአንደኛው ዳርቻ ምንጭ አለ፣ በሌላኛው አሸዋ። ነገ ማለዳ ቀድሞ የነቃ ምንጩን ይውሰድ ተባባሉ። አማትየው ይህን በሦስት ዓረፍተ ነገር ትጨርሰው ነበር። በሱይፈን አፍ ግን እንዲህ ሆነ፦

ሁለት ሰዎች መጡ ከወደ ምዕራብ፣
አንድ ብረት ድስት ይዘው፣ አንድ ሙሉ ረሃብ።
አባት ጋይ ብልሁ እንቅልፉን ጠርጥሮ፣
ተኛ ከእግሩ ጣት ላይ አውራ ዶሮ አስሮ።
ሉዋን ተነሣና በእግሩ ጥፍር ሄዶ፣
ሴት ዶሮ ተካለት አውራውን ወስዶ።
ፀሐይ ወጣች፣ ሄደች፣ ከአናቱ ደረሰች፣
ጋይ እንደተኛ ነው፣ ዶሮዋም ዝም አለች።
እሷስ ምን ታድርገው፣ መጮኹ ቢቸግራት፣
ባርኔጣው ውስጥ ጣለች እንቁላል ለእራት።

ከዚህ በኋላ ባርኔጣውን ሲያጠልቅ መላጣው ላይ የሚሆነውን ለአንባቢ እተወዋለሁ፤ ሱይፈን ግን ለማንም አልተወችውም ነበር።

ገበያው በሳቅ ይፈርሳል። የሚስቁት ግን ሉዋኖች ናቸው። ጋዮች ከአሸዋው ዳርቻ ኦቾሎኒያቸውን ይዘው ለመሸጥ ይመጣሉ፣ ነሐሱ ሲሰማ አንገታቸውን ደፍተው ዕቃቸውን ይሸክፋሉ። ሁለቱ መንደር ድሮም አይጋቡም፤ ሦስት መቶ ዓመት ሙሉ አንዲት ልጅ ከወዲህ ወደዚያ አልተዳረችም። የድሮው ቂም ግን ሊረሳ ትንሽ ቀርቶት ነበር፣ እውነቱን እንነጋገር። ሱይፈን ናት ነፍስ የዘራችበት። የሉዋን ልጆች ጋይ ባዩ ቁጥር «ዶሮዋ ጮኸች ወይ?» ብለው እያስካኩ የሚሮጡት ከእሷ ተምረው ነው። እሷም ይህን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። ሳቁ ይጣፍጣት ነበር፣ ስለዚህ አላየሁም ብላ አለፈችው።

ሱይፈን አምሳ አንድ ዓመት ሲሞላት፣ መንደሩ ውስጥ ሦስት ቴሌቪዥን ብቻ በነበረበት ዘመን፣ አንድያ ልጇ ሚንሊ ከምትሠራበት የኮክ ማሸጊያ ፋብሪካ በብስክሌት መጥታ፣ ብስክሌቱን ሳታቆም «እማ፣ ላገባ ነው» አለቻት።

«እሰይ! ማንን?»

«ዶንግሼንን።»

«የማን ልጅ?»

ሚንሊ የብስክሌቱን ደወል በአውራ ጣቷ ትነካካ ጀመር። «ጋይ ዶንግሼን» አለች።

ሱይፈን የያዘችውን ወንፊት አስቀመጠች። ከማዶ ጋዮች! ደሹን ግድግዳውን ተደግፎ ቅርጫት ይጠግን ነበር፤ ቀና አላለም፣ እጁ ግን ቆመ።

«ሌላ ሰው ጠፍቶ ነው?» አለች ሱይፈን፣ ቀስ ብላ።

«ሌላ ሰው አልፈልግም። እማ፣ ፋብሪካ ውስጥ ሲያልፍ ምን እንደሚሉት ታውቂያለሽ? ሴቶቹ ሁሉ እንደ ዶሮ ያስካኩበታል። እሱ ሣጥኑን ተሸክሞ ዝም ብሎ ያልፋል። አንድ ቀን እኔም ከእነሱ ጋር አስካካሁ። ሣጥኑን አስቀምጦ ‹የሱይፈን ልጅ ነሽ አይደል? ያንቺስ ያምራል፣ ከባለቤቱ ቤት ነው› አለኝ። ስቆ እኮ ነው! ከዚያ ቀን ወዲህ አፍሬ መሞቴ ነው። እሱ እንቢ ከተባለ ማንንም አላገባም፣ ይህን ዕወቂልኝ።»

ሱይፈን ልጇን አወቀቻት። ይህቺ ልጅ ያለችውን አታጥፍም።

ነገሩን ለመጨረስ ከሦስተኛ መንደር አክስት ቺው የምትባል አገናኝ ተጠራች፤ ምላሷ ከእግሯ የሚፈጥን ሴት ናት። አክስት ቺው ወንዙን ሁለት ጊዜ ተመላልሳ ወሬ አመጣች። የልጁ አባትና እናት እሺ ብለዋል። የጋዮች ሁሉ ታላቅ የሆነው አያትየው፣ አባባ ዮንግኒየን፣ ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ እሳቸው እሺም እንቢም አላሉም። «ዶሮዋ ትምጣ፣ ያን ጊዜ እናያለን» ነው ያሉት።

በእኛ ዘንድ ጋብቻ የሚቆረጠው በዶሮ ነው። ከወንዱ ቤት አውራ ዶሮ፣ ከሴቷ ቤት ሴት ዶሮ ይቀርባል፤ ሁለቱ በቀይ ክር ተያይዘው ሙሽራው ግቢ ውስጥ ይለቀቃሉ፣ ዕድሜ ልካቸውንም አይታረዱም። የተላከችው ዶሮ ከተመለሰች ግን ነገሩ አበቃ፣ የሚለምንም የሚማለድም የለም።

ሱይፈን ይህን ስታስበው ወደ ባሏ ዞረች። «ደሹን፣ እስኪ አንተ ንገረኝ» አለች፤ «ከዚህ ቤት፣ ከእኔ እጅ፣ ለጋዮች ሴት ዶሮ ሊሄድ ነው? አይታይህም? ሽማግሌው ፊት ጨርቁ ሲገለጥ ዶሮዋ ቁልጭ ቁልጭ ስትል?»

«ልማድ ነው» አለ ደሹን።

«ልማድ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰደብኳቸውን በልማድ ደግሜ ልስደባቸው?»

«ሁሉም ሴት ዶሮ ነው የሚልከው፣ ሱይፈን።»

«ሁሉም ሴት እንደ እኔ አልለፈለፈችም!»

ደሹን ወደ ቅርጫቱ ተመለሰ። በሠላሳ ሁለት ዓመት ትዳር ይህን አፍ አሸንፎት አያውቅም፣ ያን ቀንም አልሞከረም። ሱይፈን ሁለት ቀን ስትብሰለሰል ቆይታ በሦስተኛው ቀን ከግቢዋ ምርጡን አውራ ዶሮ ያዘች፤ ጅራቱ አረንጓዴ፣ አናቱ ላይ ያለው ኩክኒ ደም የመሰለ። «ክብር ነው» አለች ለራሷ። «ምርጤን ነው የምልከው። ክብር መሆኑ ይገባቸዋል።» እግሩን አስራ ቅርጫት ውስጥ ከተተችውና በቀይ ጨርቅ ሸፈነችው። መንገድ ላይ ጨርቁን መግለጥ ክፉ ዕድል ያመጣል ስለሚባል አክስት ቺው ሳታይ ተሸክማ ወንዙን ተሻገረች።

ፀሐይ ገና ሳትበረታ ነበር የሄደችው። እኩለ ቀን ሳይሞላ አክስት ቺው እያለከለከች ተመለሰች፤ ፀጉሯ ላይ ላባ ተሰክቷል።

«ምን አደረግሽኝ? ምን አደረግሽኝ አንቺ ሴት!» ብላ ደጃፉ ላይ ዘርፈጥ አለች። «አርባ ሰው በተሰበሰበበት ጨርቁን ገለጥኩ፣ ያ ሰይጣንሽ እስሩን በጥሶ ወጣ! የእነሱ አውራ ዶሮ ደግሞ ግቢው ውስጥ ተፈትቶ ይጠብቃል። ተያያዙልሽ! የሻይ ጀበናው ተገለበጠ፣ የልጁ እናት ጮኸች፣ ዶንግሼን ሊገላግል ገብቶ እጁን ቧጨሩት። አንዱ ‹ሁለት አውራ! መካን ቤት እየተመኙልን ነው!› ይላል። ሌላው ‹ልጃችን ሱሪ ለባሽ ናት ማለታቸው ነው!› ይላል። እኔ የት ልግባ?»

«ሽማግሌውስ?» አለች ሱይፈን።

«ሽማግሌው አንድ ነገር ብቻ ነው ያሉት። ‹ያቺን ሴት ጥሩልኝ። ራሷ ትምጣ።›»

ሚንሊ ከኋላዋ ቆማ ሁሉንም ሰምታ ነበር። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። «እማ፣ ለምን?» አለች ብቻ። ከስንት ሺህ ሰው ፊት የቆመችው ሱይፈን ጫማዋን ለማጥለቅ ጎንበስ አለች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ደስ ባላት ነበር።

ደሹን ተነሥቶ «ልምጣ?» አለ።

«አንተ ቅር፤ አንተ በደም ነህ ሉዋን። እኔ ቢያንስ በጋብቻ የመጣሁ ነኝ።»

ሚንሊ ልትከተል ስትል አክስት ቺው ክንዷን ያዘቻት። ሙሽራ ከሠርጓ ቀን በፊት የሙሽራውን አፈር ከረገጠች ነውር ነው። ሁለቱ ሴቶች ወንዙን በተደረደረው ድንጋይ ላይ እየረገጡ ሲሻገሩ አክስት ቺው ከሱይፈን ጆሮ አልጠፋችም። «ተሳስቼ ነው በይ፤ ሰማሽ? ቅርጫት ተቀያየረብኝ በይ። ለገበያ ያዘጋጀሁት ነበር በይ። ማን ያውቅብሻል? ብቻ ያንን አፍሽን ሰብሰብ አድርጊው!»

ጥሩ ምክር ነበር። ሱይፈንም ልትሠራበት ቆርጣ ነበር የገባችው።

ግቢው በሰው ተሞልቷል፣ መሬቱ በላባ። ሁለቱ አውራ ዶሮዎች ቅርጫት ተደፍቶባቸው አሁንም ይሰዳደባሉ። አባባ ዮንግኒየን የኮክ ዛፍ ሥር አጭር በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል፣ ራሳቸው መላጣ ነው። ሱይፈን መላጣውን ስታይ ስንቱ ግጥሟ በአንድ ጊዜ ትዝ አላትና ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። መሬት ላይ ደግሞ የዶንግሼንን እጅ አየች። እናቱ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ የተቧጨረውን እጁን በጨርቅ ይዟል፤ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል በቁጣ የማያያት እሱ ብቻ ነበር። ቀና ብሎ ሲያያት ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አላት።

«ዶሮውን የመረጠው ማነው?» አሉ ሽማግሌው። «ባልሽ ነው?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

«ተሳስተሽ ነው?»

አክስት ቺው ከኋላ ቀሚሷን ሳብ አደረገቻት። ሱይፈን አፏን ከፈተች፤ ቅርጫቱም፣ ገበያውም፣ የተዘጋጀው ውሸት ሁሉ ምላሷ ላይ ነበር። ሰላም ያላት ልጅ ፊት ግን አልወጣ አላት።

«አልተሳሳትኩም» አለች። «ሴት ዶሮ ለመላክ አፈርኩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በእናንተ ዶሮ እንጀራዬን በላሁ፣ ገበያ አሳቅሁ። ልጆቻችሁ ላይ የሚያስካኩባቸው በእኔ ግጥም ነው። እንዴት አድርጌ ሴት ዶሮ ልላክላችሁ? ፈራሁ። ይኸው ነው። ልጄ ምንም አታውቅም፤ የምትቆጡ ከሆነ በእኔ ላይ ተቆጡ።»

አክስት ቺው ቀሚሷን ለቀቀችው፤ ተስፋ ቆርጣ ነው።

«ባርኔጣው ውስጥ የተጣለው እንቁላል» አሉ ሽማግሌው፤ «የድሮ ነው ወይስ ያንቺ?»

«የእኔ ነው፣ አባባ። ጨምሬበት ነው።»

«መላጣነቱስ?»

«እሱም… እሱም የእኔ ነው።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቅ አፍኖ አሳለ።

«ዶሮውን መለወጡስ? ሉዋን አውራውን ወስዶ ሴቷን መተካቱ?»

«እሱ የእኔ አይደለም። አማቴ ከአማቷ የሰማችው ነው። ከጥንት ነው።»

ሽማግሌው በዘንጋቸው መሬቱን መቱ። «ሰማችሁ?» አሉ ወደ ዘመዶቻቸው ዞረው። «ከሉዋን ቤት በመጣች አፍ ተመሰከረ! አያቴ እዚህ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ‹ምንጩስ ይሁን፣ ውሃ የሰማይ ነው፤ ዶሮው ግን የእኛ ነበር› እያለ ሞተ። አባቴም ያንኑ እያለ ሞተ። በሦስት መቶ ዓመት ውስጥ አንድ ሉዋን ወንዙን ተሻግሮ ‹እንኩ፣ ዶሯችሁ› ያለን የለም። ዛሬ በቀይ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ በሴት ታዝሎ መጣላችሁ፤ እናንተ ሁለት አውራ ሆነ ብላችሁ ታብዳላችሁ! ይሄ የሙሽራዋ ዶሮ አይደለም፣ እናንተ ደነዞች። ይሄ የአባታችን ዶሮ ነው። ተመለሰ!»

ሱይፈን አፏን በእጇ ያዘች። አርባ ሰው ቀስ በቀስ ወደ ቅርጫቱ ዞሮ ያንን ላባው የተነጫጨ ዶሮ እንደ አዲስ ያየው ጀመር። እሷ ግን ዛሬ አንዴ እውነት መናገር ጀምራለችና ማቆም አልቻለችም።

«አባባ፣ ልሙት፣ እኔ ይህን አስቤ አልላክሁትም።»

«አንቺ ባታስቢውም ዶሮው መጥቷል» አሉ ሽማግሌው። «ሴቷን ደግሞ ነገ ላኪ። ልማድ ልማድ ነው።»

«እልካለሁ! አሁኑኑ እልካለሁ!»

«ቆይ፣ ወዴት ነው? ነሐስሽን ይዘሻል?»

ሳትይዘው የትም ሄዳ አታውቅም፤ ኪሷ ውስጥ ነበር። ሽማግሌው በርጩማቸውን ወደ ፊት ሳብ አደረጉ። «ከኋላዬ ሲንጫጩ ነው እንጂ እኔ ሙሉውን ሰምቼው አላውቅም። በይልኝ። አንዲት ቃል እንዳትቆርጪ።»

«ሁሉንም?» አለች ሱይፈን ጭንቅ ብሏት።

«መላጣውንም።»

ነሐሶቹ መጀመሪያ ላይ ከላቧ የተነሣ ይንሸራተቱባት ነበር። ሁለቱ ሰዎች መጡ፣ ረሃባቸውን ይዘው። ማንም አልሳቀም። ሉዋን በእግሩ ጥፍር ሄደ፣ ዶሮዋ ተተካች፣ ፀሐይ ወጣች። አንድም ጥርስ አልታየም፤ በሕይወቷ እንዲህ ያለ ገበያ ገጥሟት አያውቅም። እንቁላሉ ባርኔጣው ውስጥ ሲወድቅ ሽማግሌው ጉልበታቸው ላይ ያለውን ባርኔጣ አንሥተው ውስጡን አዩ። ከዚያ አጠለቁትና እንቁላል የፈሰሰበት ሰው ያህል ዓይናቸውን ጨፈኑ። መጀመሪያ የፈነዳው ዶንግሼን ነው፣ ከዚያ እናቱ፣ ከዚያ ግቢው በሙሉ፤ አሮጊቶቹ ተደጋግፈው ነው የሳቁት። ሱይፈን በሳቁ ላይ ነሐሷን አፈጠነችና ከዚያ በፊት ተብሎ የማያውቀውን፣ እሷም ከአፏ ሲወጣ የሰማችውን ጨመረች፦

ሦስት መቶ ዓመት ሙሉ መንገድ ላይ ቆይቶ፣
አውራው ቤቱ ገባ በቀይ ጨርቅ ተከቶ።
ሰርቆ የወሰደው ሉዋን ነበር ያኔ፣
የመለስኩላችሁ ምራቱ ነኝ፣ እኔ።

ሽማግሌው ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። ከሳቅ ይሁን ከሌላ ነገር እንጃ። «ይሄኛውንም በገበያ በይው» አሉ። «በእናንተ በኩል ባለው ገበያ፣ ጮክ ብለሽ።» ከዚያ ወደ ልጁ እናት ዞረው፣ ስለ ተራ ነገር የሚያወሩ ይመስል፣ የሠርጉ ቀን ኦቾሎኒው ከተነቀለ በኋላ ቢሆን እንደሚሻል ተናገሩ።

ሱይፈን ሻይ ቀረበላት፤ እንዴት እንደጠጣችው አታውቅም። እፎይታው ከራሷ እስከ እግሯ ሲወርድ ይሰማት ነበር፤ እስከ ግቢው በር በደህና ሄዳ፣ በሩን ስታልፍ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። አክስት ቺው ስትናገር መንገዱ አለቀ፤ ሁሉንም ያቀናችው እሷ እንደሆነች ለመንደር ሁሉ ልታወራ አሁኑኑ ጀምራለች።

ወንዙ ጋ ሲደርሱ ሚንሊን አዩዋት። የጋዮችን አፈር እንዳትረግጥ ተብላለች፣ ቤት መቀመጥም አልቻለችም፤ ስለዚህ ድንጋዮቹን ለእናቷ ትታ ከጎናቸው፣ ወንዙ መሐል፣ ሱሪዋን ጠቅልላ እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ ቆማለች። ምን ያህል ሰዓት እንደቆመች ከንፈሯ ይናገራል። እናቷን ስታይ አልተጣራችም፣ አልጠየቀችም፤ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አጣብቃ ጠበቀች።

ሱይፈን ከዳርቻው ላይ ሆና፣ እንባዋን እንኳ ሳትጠርግ፣ ባላት ድምፅ ሁሉ ጮኸች፦

«ውጪ ከውሃው አንቺ ልጅ! ሙሽራ እንዲህ ራሷን ብርድ ታስመታለች?»